በማን ስም ተጻፈ?



ባለፉት ሁለት እሑዶች በወጣቶች ክፍል ስለ ሴቶች ድርሻ የተጀመረው ውይይት በሰዓት ማነስ ምክንያት ሳይቋጭ ቀርቷል። ስለዚህም ነገሩን በጽሑፍ አዘጋጅተን እንድናቀርብ ተጠየቅን። እኛም ከሕግ መጻሕፍት፣ ከከተማችን ታሪክና ከየቤታችን ኑሮ ያገኘነውን አሰባስበን እነሆ አቅርበናል።

በውይይቱ ላይ ሁለት ተረቶች ተደጋግመው ተነሥተው ነበር፤ አንደኛው "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለው፣ ሁለተኛው "ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት" የሚለው ነው። ሁለቱም ብዙ አሣቁ። ነገር ግን የመጀመሪያውን ቃል በቃል ያጤነ ሰው አንድ ነገር ያገኝበታል። ተረቱ ሴት አታውቅም አይልም። እንዲያውም ታውቃለች ብሎ ይነሣል፤ የሚነፍጋት መጨረሻውን ነው። ነገሩ በእርሷ ብልሃት ይታሰባል፣ በእርሷ ጉልበት ይሠራል፣ ሲያልቅ ግን በወንድ ስም ይዘጋል። እንግዲህ ስለ ሴቶች መብት ስንነጋገር "ሴት መሥራት ትችላለች ወይ?" ብሎ መጀመር ጊዜ ማባከን ነው። በአገራችን ሴት ያልሠራችበት ዘመን የለም። መጠየቅ ያለበት የሠራችው በማን ስም ተጻፈ የሚለው ነው።

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ዶሮ ማነቂያን እንመልከት።

ዶሮ ማነቂያ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከፒያሳ ሱቆች ጀርባ ተጠጋግቶ የኖረ የጭቃ ቤቶች ሰፈር ነበር። ውቤ በረሃና እሪ በከንቱ ጎረቤቶቹ ናቸው። (የእሪ በከንቱን ስም ልብ ይሏል። የጮኸ የሚደርስለት የለም ማለት ነው፤ ይህን ስም ለሰፈር ያወጣ ሰው የሴት ጩኸት ሳይሰማ አልቀረም።) ከጠላት ወረራ በኋላ ከየጠቅላይ ግዛቱ ወደ አዲስ አበባ ከፈለሰው ሕዝብ መካከል ብዙ ሴቶች ነበሩበት። በልጅነታቸው ተድረው የሸሹ፣ ከባላቸው የተፋቱ፣ ልጅ አልወለድሽም ተብለው የተመለሱ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሙያ ግን ነበራቸው። ጠጅ መጣል፣ ጠላ መጥመቅ፣ እንጀራ መጋገር፣ ወጥ መሥራት ያውቃሉ። በዚህ ሙያ የከፈቷቸው ቤቶች ውቤ በረሃንና አካባቢውን በመላ አገሪቱ አስጠሩት።

ስለ እነዚያ ቤቶች ኃጢአት ብዙ ተሰብኳል፤ እኛም ስብከቱን ለማፍረስ አልተነሣንም። ስለ ሒሳቡ ግን የተናገረ ጥቂት ነው። ማታ መጥቶ ሲጠጣ ያመሸው ሰው ጠዋት ከራቫቱን አስሮ ወደ ቢሮው ሲሄድ ጨዋነቱ አብሮት ይሄዳል፤ የቀዳችለት ሴት ግን ስድቡን ታቅፋ ትቀራለች። በዚያ ገንዘብ ታናሽ ወንድሟን ያስተማረች፣ ለእናቷ ወደ አገር ቤት የላከች፣ ቤት የሠራች ስንት ናት! ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ደግሞ ቤቶቹ በሴቶቹ በራሳቸው ስም መጠራታቸው ነው። "እነ እገሊት ቤት እንሂድ" ይባል ነበር። የባለትዳር ሴት ቤት ግን ምድጃውንም፣ ማጀቱንም፣ እንግዳ መቀበያውንም እርሷ ብትይዘው የሚጠራው "የአቶ እገሌ ቤት" ተብሎ ነው። በከተማው ውስጥ ተራ ሴት ቤቷ በስሟ እንዲጠራ ከፈለገች የምትከፍለው ዋጋ ክብሯ ነበር ማለት ነው። ይህ ዋጋ በጣም ውድ ነው።

ተራ ሴት ስላልን ንግሥት የሆነች እንደሆነስ የሚል ሊኖር ይችላል። ከዶሮ ማነቂያ ወደ ፒያሳ ጥቂት ብንራመድ በእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም የሚጠራውን ሆቴል እናገኛለን። አዲስ አበባን ስም አውጥተው ያስቆረቆሩት እቴጌ፣ ይህን ሆቴል ያቋቋሙት በ1890ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ ከፍሎ በሰው ቤት መብላት ነውር በሚባልበት ዘመን ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። በዐድዋ ዘመቻ ጊዜ በመቀሌ ምሽግ የነበረውን ጠላት ውኃውን በማስያዝ እንዳስጨነቁትም ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። አፄ ምኒልክ በጠና ታመው ሥልጣኑ በእቴጌይቱ እጅ ሲገባ ግን መኳንንቱ መከሩ፤ በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና ባላቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ተወሰነባቸው። ወደ ማጀት ማለት ይኸው ነው። ዘመዶቻቸውን አብዝተው ሾሙ ተብለው ይወቀሳሉ፤ ወቀሳው እውነትነት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን በዚህ አገር ዘመዱን የሾመ ወንድ ሁሉ "ግባና ሚስትህን አስታምም" ተብሎ ቢሆን ኖሮ በችሎት የሚቀመጥ ሰው ባልተገኘ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅርም በዚያው በፒያሳ ነው። በመድረኩ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ ሲያስፈልግ ቀሚስ ለብሰው የሚወጡት ወንዶች የነበሩበት ዘመን ነበር። የሴት ልብስ ለመድረክ ይፈቀዳል፤ ሴቲቱ ግን አትፈቀድም። እነ አስናቀች ወርቁ ይህን ሰብረው ወጡ። አስናቀች በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያርፉ አገር በክብር ሸኛቸው፤ በወጣትነታቸው ዘመን ክራር ይዛ የተቀመጠች ሴት ምን ትባል እንደ ነበር ግን አረጋውያኑን መጠየቅ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ይኸውም ሕጉ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በጠላት ዘመን ከአርበኞች ጋር ተሰልፈው ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር በግዞት የተወሰዱ፣ ከነፃነት በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዳይሬክተርነት የመሩ ሴት ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የመምረጥና የመመረጥ መብት ከሰጠ በኋላ በተደረገው በ1950 ዓ.ም. ምርጫ አሸንፈው ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገቡ። የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ወይዘሮ ስንዱ በምክር ቤቱ ወንበር ላይ ሳሉ፣ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ።

በዚህ ሕግ መሠረት የቤተሰቡ ራስ ባል ነው። ሚስትም ሕግን በማይቃረን ነገር ሁሉ ያዘዛትን የመፈጸም ግዴታ አለባት (ቁጥር 635)። አብረው የሚኖሩበትን ቤት የሚመርጠው ባል ነው። ከሚስቲቱ ደመወዝና ከግል ገቢዋ በቀር የጋራውን ንብረት የሚያስተዳድረው ባል ነው። ባል የቤት ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ ደግሞ የቤቱን ሥራ እርሷ ራሷ መሥራት ይገባታል (ቁጥር 646)። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ደጋግመን አነበብናት። የምጣዱ ጭስ ሳይቀር በአዋጅ የተደነገገ ነበር! ለጋብቻ የሚያበቃው ዕድሜም ለወንድ 18 ሲሆን ለሴት 15 ዓመት ነበር። ሌላ ሴት ይቅርና ወይዘሮ ስንዱን የምታህል የሕዝብ እንደራሴ፣ በምክር ቤት ለአገር ሕግ ስታወጣ ውላ ማታ ቤቷ ስትገባ ታዛዥ ትሆናለች ማለት ነው።

እዚህ ላይ "ባህላችን ነውና አትንኩት" ለሚሉ ወንድሞቻችን አንድ ነገር ልንነግራቸው እንወዳለን። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ የሕግ ሊቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የናፖሊዮን ሕግ፣ ባል ሚስቱን እንዲጠብቅና ሚስት ባሏን እንድትታዘዝ ያዝዝ ነበር። ፈረንሳዮች ግን ይህን የመታዘዝ ግዴታ ከገዛ ሕጋቸው ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1938 አወጡት። እኛ ከ22 ዓመት በኋላ ተቀብለን አወጅነው። ፍትሐ ነገሥታችንም ባልን ከሚስት በላይ ማድረጉ አይካድም፤ ነገሩ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው ብለን አንዋሽም። በአንጻሩ ግን በአማራው አገር የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ ከወንድሟ ጋር ርስት ትወርስ ነበር። በሰማንያ የተጋባች ሚስት ስትፋታ ድርሻዋን ቆጥራ ትወጣ ነበር፤ በዳኛ ፊት ቆማም ትሟገት ነበር። በተግባር ወንድሞቿ ብዙ ጊዜ ይነጥቋታል። ቢሆንም መብቷን መንጠቅና መብት የለሽም ማለት አንድ አይደሉም፤ የተነጠቀች ሴት ዳኛ ዘንድ ትሄዳለች፣ መብት የለሽም የተባለች ሴት ግን ወዴት ትሄዳለች? ስለዚህ "ባህል" የምንለው ማድጋ ውስጥ ብዙ ነገር ስላለ፣ ከመጠጣት በፊት ማን ምን እንደ ጨመረበት ማየት ይገባል።

አብዮቱ ሲመጣ ተስፋው ብዙ ነበር። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሲሆን፣ ለተከራይዋ ደሀ ኪራይ ቀነሰላት፤ ሁለተኛ ቤት ሠርታ ስታከራይ የነበረችው ሴት ደግሞ ትርፍ ቤቷን አጣች። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ግን በእኛ አስተያየት ለእናቶቻችንና ለአያቶቻችን ትልቅ ውለታ ውሏል። በአውራ ጣታቸው ይፈርሙ የነበሩ ብዙ ሴቶች ስማቸውን በእጃቸው መጻፍ የቻሉት ያን ጊዜ ነው። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ተመሠረተ። በየስብሰባው "ድርብ ጭቆና" ተወገዘ። በ1980 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም የሴቶችን እኩልነት ተናገረ። ቁጥር 635 ግን ያ ሁሉ መፈክር ሲያልፍ ከቦታው አልተነቃነቀም።

የተነቃነቀው በ1992 ዓ.ም. ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሴቶች በጋብቻም ሆነ በንብረት ከወንዶች እኩል መሆናቸውን ቢደነግግም፣ የቤተሰቡ ሕግ እስኪሻሻል አምስት ዓመት ፈጅቷል። በዚህ ጊዜ ውስጥ በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ አነሣሽነት የተቋቋመው የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለድሆች ሴቶች በነፃ ጥብቅና እየቆመ፣ ሕጉም እንዲለወጥ ሳይታክት ጮኸ። ይህ ጩኸት እንኳ በከንቱ አልቀረም። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ፤ አዲስ አበባና ድሬዳዋ በእርሱ ይተዳደራሉ፣ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ። የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ። ቤተሰቡን መምራት የሁለቱ እኩል ሥልጣን ሆነ። የመታዘዝ ግዴታ ተሰረዘ።

ለእኛ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቁጥር 63 ነው። በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢመዘገብም እንኳ፣ ያ ሰው የብቻዬ ነው ብሎ እስካላስረዳ ድረስ የሁለቱ የጋራ ሀብት ተብሎ ይገመታል። በቁጥር 68 ደግሞ የጋራ የሆነ ቤትን ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። እንዲህ ሲሆን ለብዙ ዘመን "በማን ስም ነው?" ሲባል ዝም ትል የነበረችው ሚስት አሁን "የማንም ስም ይሁን፣ ግማሹ የእኔ ነው" ማለት ትችላለች።

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ሳህለ ወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት፣ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው በአንድ ወር ውስጥ ተሾሙ። መዓዛ እስከ 2015፣ ሳህለ ወርቅ እስከ 2017 ዓ.ም. በሥራው ቆይተዋል። "ወንድ ወደ ችሎት" የሚለው ተረት ለጊዜው አፉን ያዘ።

ታዲያ ሕጉ ከተስተካከለ ምን ቀረ? በውይይታችን ላይ አንድ ወንድማችን ይህንኑ ጠይቆ ነበር። የቀረው ከችሎቱ በታች ያለው ነው። የየሰፈራችንን እድር እንውሰድ። ሰው ሲሞት ቀድመው የሚደርሱት፣ እንጀራ የሚጋግሩት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉት፣ ሦስት ቀን ለቅሶ ቤት እሳት ላይ የሚያድሩት ሴቶች ናቸው። በብዙ እድሮች ግን በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የባል ስም ነው፤ ዳኛው ወንድ፣ ጸሐፊው ወንድ፣ ገንዘብ ያዡ ወንድ ነው። ሴቶቹ ስለ ድስትና ስለ ሳህን የሚነጋገሩበት የራሳቸው እድር አላቸው፤ ስለ ገንዘቡና ስለ ደንቡ የሚወሰነው ግን በወንዶቹ ጉባኤ ነው። ይህን በአዋጅ ያዘዘ መንግሥት የለም። አዋጅም አያነሣውም።

እቁብ ከዚህ ይሻላል። ጉሊት የምትውል እናት በእቁቡ ደብተር ላይ በራሷ ስም ትጻፋለች፣ ዕጣውም በስሟ ይወጣል። ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ክፍያና ደብተራችን የተገዛው በዚህ ዕጣ መሆኑን እናውቃለን። ይሁን እንጂ ዕጣው ወጥቶ ቤት ሲገባ የፍሪጁ ደረሰኝ እንኳ በአባወራው ስም መጻፉ የተለመደ ነው።

በዶሮ ማነቂያ የደረሰውም ይህንኑ ያስተምረናል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ሰፈሩ ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተበተነ። ከእኛም መካከል ከዚያ የተነሡ አሉ። ጠባብ፣ ዝናብ የሚያስገባ፣ መጸዳጃው የጋራ የሆነ ቤት ስለ ነበረ ለቤቱ ብለን አናለቅስም። ነገር ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። ደመወዝተኛው ወንድ ርቆ ቢሄድም ረጅም መንገድ በአውቶቡስ እየተጋፋ ሥራው ቦታ ይደርሳል፤ ሥራው አልፈረሰም። እንጀራ ለየምግብ ቤቱ ስታስረክብ የነበረችው፣ በበሯ ላይ ጠላና ቆሎ ትሸጥ የነበረችው፣ ማለዳ ቡና እያፈላች ለሱቅ ሠራተኞች የምታቀርበው ሴት ግን ሥራዋ ደጃፏ ነበር። ደንበኛዋ፣ ዱቤዋ፣ "ልጄን እይልኝ" የምትላት ጎረቤቷ፣ እቁቧ ሁሉ በአንድ ሰፈር ውስጥ ነበሩ። ደጃፉ ሲፈርስ ንግዷም አብሮ ፈረሰ። ይህ ንግድ ፈቃድ የለውም፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ በስሟ አልሰፈረም። ያልተጻፈ ነገር ሲጠፋ ደግሞ ካሣ ጠያቂ የለውም። እንግዲህ ስም ማስጻፍ የወግ ነገር ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ እነዚህ እናቶች ሄዶ ይጠይቅ።

በዚህ ረገድ መጽሐፍ ቅዱስ ሩቅ አይደለም። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 27 የሰለጰዓድን አምስት ሴቶች ልጆች ታሪክ እናገኛለን። አባታቸው ወንድ ልጅ ሳይወልድ ሞተ። በደንቡ መሠረት ርስቱ ለሌላ ይሄዳል፣ ስሙም ይጠፋል። ልጆቹ ግን በድንኳናቸው ተቀምጠው አላለቀሱም። በሙሴ፣ በካህኑ፣ በአለቆቹና በማኅበሩ ሁሉ ፊት በመገናኛው ድንኳን ደጃፍ ቆመው ርስት ይሰጠን ብለው ጠየቁ። ሙሴም "ወደ ማጀት" አላላቸውም፤ ነገራቸውን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ፤ እግዚአብሔርም በእውነት ተናገሩ ብሎ ፈረደላቸው፣ ሕጉም ከዚያ ወዲያ ለሌሎች ሴቶች ሆነ። የአምስቱም ስም አንድ በአንድ ተጽፏል። ብዙ ታላላቅ ሰዎች "የእገሌ ሚስት" ብቻ እያሉ ባለፏቸው ገጾች መካከል ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ በየስማቸው ሰፍረዋል። በምሳሌ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የምትመሰገነው ሴትም እንጀራ ብቻ ጋግራ የምትቀር አይደለችም፤ እርሻ አይታ ትገዛለች፣ ልብስ ሠርታ ለነጋዴ ትሸጣለች። በሰርግ ላይ ይህ ምዕራፍ ሲነበብ ስለ ትሕትናዋ እንሰማለን፤ ስለ ገዛችው መሬት ግን ሰባኪዎቻችን ለምን እንደሚቸኩሉ አይገባንም።

ከመድረኩ ወርደን ወደ ራሳችን ክፍል ስንመጣም ሥራ አለን። በበዓል ቀን እኅቶቻችን ከሌሊቱ ጀምሮ ሽንኩርት ሲልጡ፣ ድስት ሲያጥቡ ይውላሉ። ስብሰባው የሚጀመረው እነርሱ እጃቸውን ሳያደርቁ ነው። ቃለ ጉባኤ ላይ "በስብሰባው ያልተገኙ" ተብለው ይመዘገባሉ። ይህን ለማስተካከል ሕግ አውጪ መጠበቅ አያሻም፤ የሰዓት ለውጥና የተራ ዝርዝር ይበቃል። ስለዚህ ለክፍሉ ኮሚቴ ያቀረብነው ሐሳብ ሁለት ነው፤ ስብሰባው ከማዕዱ በፊት ይሁን፣ የወጥ ቤቱም ተራ በፊደል ቅደም ተከተል ለወንድም ለሴትም ይውጣ። ኮሚቴው ሁለተኛውን ለሙከራ ተቀብሎታል። ስለ መጀመሪያው ገና ይነጋገራል።

ለመጪው እሑድ እያንዳንዳችን ሦስት ነገር ጠይቀን እንምጣ፤ የቤታችን ውል ወይም ካርታ በማን ስም እንደ ሆነ፣ በእድሩ መዝገብ ላይ የማን ስም እንደ ተጻፈ፣ እናቶቻችን በራሳቸው ስም የባንክ ደብተር ያላቸው መሆናቸውን። ስንጠይቅ በትሕትና ይሁን፤ ጠብ ለመጫር አይደለም። ከተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 62፣ 63 እና 68 በክፍል ውስጥ ይነበባሉ፤ የሕግ ትምህርት የሚከታተሉ እኅታችን ያብራሩልናል። እናቶቻችንም ቢመጡ ወንበር አለ። የዚያን ቀን የሻይ ኩባያ አጣቢዎች ስማቸው ከ"ሀ" እስከ "መ" የሚጀምር ወንዶችና ሴቶች ናቸው፤ ዝርዝሩ በክፍሉ በር ላይ ተለጥፏል።